ከጆን ቡካን ልቦለዶች ጀርባ ያለው ፍርሃት፣ የኢትዮጵያም ስም በውስጡ

እ.ኤ.አ. በ1910 አንድ ስኮትላንዳዊ ጸሐፊ ለወጣቶች ያሰበውን የጀብዱ ልቦለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ግን የኢትዮጵያ ነገሥታት ስም ነው። አንድ ጥቁር ሰባኪ «የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ወራሽ እኔ ነኝ» ብሎ ይነሣል። ተበታትነው የኖሩትን ነገዶች በዚህ ስም ያሰባስባል። ቅኝ ገዢዎቹም እንቅልፍ ያጣሉ። መጽሐፉ «ፕሬስተር ጆን» ይባላል፤ ጸሐፊው ጆን ቡካን።

ብዙ ሰው ቡካንን የሚያውቀው በሌላ መጽሐፉ ነው። «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ዛሬ የምናውቀው የስለላ ልቦለድ አባት ከሚባሉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ያደገ አንባቢ ቡካንን ቢያነብ ብዙ ነገር አዲስ አይሆንበትም። ንጹሕ ሰው ይሸሻል፣ ፖሊስም ሰላይም ይከተለዋል፣ ጊዜው እያለቀ ነው። ይህን ቅርጽ ካጸኑት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት ላይ ላዩን አይገናኙም። ውስጣቸው ሲታይ ግን የሚሠሩት በአንድ ፍርሃት ነው። ያ ፍርሃት ምን እንደሆነ ካልገባን የሰውዬው ልቦለዶች ተራ ሩጫ ይመስሉናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡካን ማን ነበር?

ቡካን በ1875 ስኮትላንድ ውስጥ ፐርዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ልጅነቱ ከርካልዲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለፈ። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ትዊድ ወንዝ አካባቢ ወዳሉት የእናቱ ዘመዶች ይሄዳል። ኮረብታ መውጣቱን፣ ዓሣ ማጥመዱን፣ ከእረኛ ጋር መዋሉን እዚያ ለመደ። በግላስጎው ከዚያም በኦክስፎርድ ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ።

ሕይወቱን የቀየረው ከ1901 እስከ 1903 ደቡብ አፍሪካ የቆየበት ጊዜ ነው። የብሪታኒያ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው አልፍሬድ ሚልነር ጸሐፊ ሆኖ ነው የሄደው። የእንግሊዝና የቦየሮች (በአብዛኛው የደች ዝርያ ያላቸው የደቡብ አፍሪካ ነጭ ሰፋሪዎች) ጦርነት ገና አላለቀም። እንግሊዞች የቦየሮችን ሴቶችና ልጆች ካምፕ ውስጥ አጉረዋቸው በሺዎች የሚቆጠሩት በበሽታ አልቀዋል። የነዚያን ካምፖች አያያዝ ማስተካከል፣ ቆይቶም ገበሬዎችን መሬት ላይ ማስፈር ከቡካን ሥራዎች መካከል ነበሩ። ወጣቱ ጠበቃ እዚያ ሁለት ነገር አየ። የአገሩ ግዛት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አየ። ያንን ሰፊ ግዛት የሚጠብቁት ሰዎች ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑም አየ። ልቦለዶቹ የተወለዱት ከሁለተኛው ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ሩጫው እንዴት ነው የሚሠራው?

1914 ክረምቱ ላይ የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ቡካን በአንጀት ቁስለት አልጋ ይዞ ነበር። ያረፈው ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ብሮድስቴርስ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። ተኝቶ ሳለ ለራሱ መዝናኛ ብሎ «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች»ን መጻፍ ጀመረ። በ1915 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆነ። አጭር ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

ባለታሪኩ ሪቻርድ ሃኔይ የ37 ዓመት የማዕድን መሐንዲስ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ለንደን ገብቷል፣ ለንደንም ሰልችታዋለች። አንድ የማያውቀው አሜሪካዊ በሩን አንኳኩቶ ስለ አንድ ትልቅ ሴራ ይነግረዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውዬው እዚያው የሃኔይ ቤት ውስጥ በቢላ ተወግቶ ይገኛል። ፖሊስ ሃኔይን በነፍስ ግድያ ይፈልገዋል። ገዳዮቹ ደግሞ ምሥጢሩን ያውቃል ብለው ይፈልጉታል። ጠዋት የመጣውን ወተት አዳይ ለምኖ ኮፍያውንና የሥራ ልብሱን ይዋሳል፣ እንደዚያ ሆኖ ከቤቱ ይወጣል። ባቡር ተሳፍሮም ወደ ስኮትላንድ ገላጣ ኮረብታዎች ይሸሻል።

የቡካን ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚሸሽ ሰው ጫካ ወይም ዋሻ ይፈልጋል ብለን እንጠብቃለን። ቡካን ሃኔይን ያስቀመጠው ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ከላይ አውሮፕላን እየዞረ ይፈልገዋል። በ1915 ለነበረ አንባቢ አውሮፕላን ገና ብርቅ ነገር ነበር። መደበቂያ ከሌለ ምን ይደረጋል? ሌላ ሰው መሆን ነው።

ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት ብቻ ልጥቀስ። ሃኔይ መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ማታ ጠጥቶ ራሱን የሚያመው አንድ መንገድ ጠጋኝ ያገኛል። «አንተ ሂድና ተኛ፣ እኔ እሠራልሃለሁ» ይለዋል። ልብሱን ይዋሳል፣ ፊቱንና እጁን በመንገዱ አቧራ ያሻል፣ ዓይኑ እንዲቀላ አፈር ያስገባበታል፣ የጥፍሮቹን ጫፍ ሳይቀር ይሰባብራል። ከዚያ ተቀምጦ ድንጋይ ይፈልጣል። መኪና መጥታ ትቆማለች፤ ውስጧ አሳዳጆቹ ናቸው። ያናግሩታል፣ ምንም አይጠረጥሩም። ከመካከላቸው አንዱ ግን ወደ ታች ያይና ጫማህ የገጠር ጫማ ሰፊ የሠራው አይመስልም ይለዋል። ሃኔይ ሳይደነግጥ፣ አዎ የለንደን ነው፣ አምና ለአደን የመጣ ጌታ ነው የሰጠኝ ብሎ ይመልሳል። መኪናዋ ትሄዳለች።

በዚህች ትዕይንት ጥይት አልተተኮሰም፣ ማንም አልሮጠም። የተመዘነው ጫማ ብቻ ነው። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ገጽ ደጋግሞ ቢያነብ ይጠቀማል።

ሃኔይ ይህን ብልሃት የተማረው ፒተር ፒናር ከሚባል ቦየር አዳኝ ነው። የፒናር ትምህርት አጭር ነው። መልክህን ስለቀየርክ ብቻ አታመልጥም። የገባህበትን ኑሮ ከልብህ መኖር አለብህ፣ ያን ጊዜ የሚያይህ ሁሉ ያምንሃል። መጨረሻ ላይ ይኸው ትምህርት ይገለበጣል። ጀርመናውያኑ ሰላዮች በአንዲት የባሕር ዳር ቤት ውስጥ ተራ እንግሊዛውያን ሆነው ካርታ ይጫወታሉ። እንከን የላቸውም። ሃኔይ ራሱ ተሳስቼ ይሆን እንዴ ማለት ይጀምራል። አንደኛው ሳያስበው በጣቶቹ ጉልበቱን መታ መታ ሲያደርግ ግን ያችን እንቅስቃሴ ከዚህ በፊት የት እንዳያት ትዝ ይለዋል። አለቀ።

በመጽሐፉ ስም ያሉት ደረጃዎች ወደ ባሕሩ የሚያወርዱ የእውነት ደረጃዎች ናቸው። ሰላዮቹ የሚያመልጡበትን ቦታ ለማወቅ የተገኘው ፍንጭ የደረጃዎቹ ቁጥርና የባሕሩ ሙላት ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 4፡17 በኛ ሰዓት። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1935 በሠራው ፊልም ግን ስሙ የስለላ ድርጅቱ መጠሪያ ሆኗል። ፊልሙን ያየ ሰው መጽሐፉን አውቀዋለሁ ቢል አልስማማም። በፊልሙ ከሃኔይ ጋር በካቴና የምትታሰረው ሴት በመጽሐፉ ውስጥ የለችም። እንዲያውም መጽሐፉ ውስጥ ለስም ያህል እንጂ ሴት የለችም ማለት ይቻላል። ይህ የቡካን የመጀመሪያዎቹ ልቦለዶች ትልቅ ጉድለት ነው።

ቀጭኑ መስታወት

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ቡካን ከሃኔይ በፊት፣ በ1913፣ «ፓወር ሐውስ» የተባለ አጭር ልቦለድ በመጽሔት አውጥቶ ነበር። እዚያ ውስጥ አንድ ባለጸጋና የተማረ ሰው ከአንድ ጠበቃ ጋር እራት በልቶ ይጨዋወታል። ሰዎች ሥልጣኔን ከአውሬነት የሚለየው እንደ ምድር የጸና ግድግዳ ነው ብለው ያስባሉ ይላል። እሱ ግን የሚለየው አንድ ክር፣ አንድ ስስ መስታወት ነው ብሎ ያምናል። ጠበቃው ቀስ እያለ የሚገባው ነገር አለ። ሰውዬው ይህን የሚናገረው ፈርቶ አይደለም። መስታወቱን ሊሰብር የተዘጋጀው እሱ ራሱ ነው።

የቡካን ክፉ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ጥሩ ቤት፣ ጥሩ መጻሕፍት፣ ጥሩ ጠባይ አለው። ጎረቤት ያከብረዋል። ስለዚህ ከ1914 በፊት የነበረው እንግሊዛዊ አንባቢ የሚሰማውን አስቡት። በጋዜጣው አገሩ የዓለም አንድ አራተኛ ገዢ ነች። በልቦለዱ ግን ያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊፈርስ ይችላል። ጦርነቱ መጥቶ በየቤቱ ሬሳ ሲያስገባ የቡካን ነገር ልቦለድ መሆኑ ቀረ። እሱም አልተረፈም። ሚያዝያ 9 ቀን 1917 አራስ በተባለው የፈረንሳይ ግንባር ታናሽ ወንድሙ አላስቴር ሞተ። «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች»ን መታሰቢያ ያደረገለት ወዳጁ ቶሚ ኔልሰንም በዚያው ቀን ሞተ።

በ1916 የወጣው «ግሪንማንትል» ፍርሃቱን ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። ጀርመኖች አንድ የእስልምና ነቢይ አስነሥተው ሕዝበ ሙስሊሙን በእንግሊዝ ላይ ሊያስነሡ ነው፤ ሃኔይና ጓደኞቹም ይህን ለማክሸፍ ወደ ቱርክ ይዘልቃሉ። ይህ ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ አይደለም። ቱርክ በኅዳር 1914 የጂሃድ አዋጅ አውጃለች፣ ጀርመንም ደግፋዋለች።

የኛም አገር ከዚሁ ጣጣ አላመለጠችም። በ1915 ሊዮ ፍሮቤኒየስ የተባለው ጀርመናዊ ምሁር ተልእኮ ይዞ አዲስ አበባ ለመግባት ሞክሮ ኤርትራ ላይ ጣልያኖች መልሰውታል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘነበለ ብለው ክፉኛ ሠግተው ነበር። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረደው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። «ግሪንማንትል» ለንደን ላይ ለገበያ የበቃው ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ነው። መጽሐፉ ስለ ልጅ ኢያሱ ይናገራል እያልኩ አይደለም። የለንደን ሰዎች አዲስ አበባን በምን ዓይነት መነጽር ያዩ እንደነበር ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ስም ለምን አስፈራ?

«ፕሬስተር ጆን» ላይ ቆም ማለት አለብን።

አፈ ታሪኩ የቆየ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ 1165 አካባቢ፣ ከሙስሊሞች አገር ባሻገር የሚኖር ካህንም ንጉሥም የሆነ ዮሐንስ (ፕሬስተር ጆን ማለት «ካህኑ ዮሐንስ» ነው) የጻፈው ነው የተባለ ደብዳቤ አውሮፓ ውስጥ ይዞር ጀመር። ደብዳቤው ፈጠራ ነበር። አውሮፓውያን ግን ይህን ክርስቲያን ንጉሥ መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት፣ ሲያጡት ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ኢትዮጵያ ነው ያለው» አሉ።

የቡካን ባለታሪክ ዴቪድ ክሮፈርድ የ19 ዓመት ስኮትላንዳዊ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ በሰሜን ትራንስቫል አንዲት ሩቅ መደብር ውስጥ ሊሠራ ይሄዳል። ልጅ ሳለ በአገሩ የባሕር ዳርቻ ሌሊት እሳት አንድዶ እንግዳ ሥርዓት ሲፈጽም ያየው ጥቁር ሰባኪ እዚያም ይገጥመዋል። ጆን ላፑታ ነው። የተማረ፣ አንደበቱ የሚማርክ፣ ግርማ ያለው ሰው ነው። ላፑታ የፕሬስተር ጆን ወራሽ ነኝ ይላል። ምልክቱም ከጥንት ነገሥታት ሲተላለፍ የኖረ የቀይ ዕንቁ ሐብል ነው። ሐብሉን ያጠለቀ ሁሉንም ያዛል።

ቡካን ይህን ከየት አመጣው? አብዛኛው ከዜና ነው። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ጥቁር የሜቶዲስት ቄስ የነጮቹን ቤተ ክርስቲያን ጥሎ ወጣ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥም «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚል አቋቋመ። ከኛ ተዋሕዶ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ስሙን የወሰደው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ነው። ጥቁሮች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ የሚለው ይህ እንቅስቃሴ በፍጥነት ተስፋፋ፣ ነጮቹም በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። በ1896 ዓድዋ ሆነ። በ1906 ናታል ውስጥ ባምባታ የተባለው የዙሉ አለቃ በግብር ምክንያት ሲያምፅ ብዙ ነጮች ጥፋቱን የጣሉት በነዚሁ የ«ኢትዮጵያ» ሰባኪዎች ላይ ነው። ቡካን መጽሐፉን ያወጣው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ የሚያቀርበው ታሪክ ግን ብዙ ስሕተት አለበት። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው የትምህርት ቤት መምህር፣ ፖርቱጋሎች ፕሬስተር ጆንን ፍለጋ በተደጋጋሚ መልእክተኛ ልከው ጨርሶ አልደረሱም ይላል። ደርሰዋል እንጂ! የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ወርደው ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ቀርበዋል። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆይቶ ያየውን በ1540 ሊዝበን ላይ አሳትሟል። በ1541 ደግሞ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ይዞ መጥቷል። ሌላው ገጸ ባሕርይ፣ የስለላ መኮንኑ አርኮል፣ የኢትዮጵያ ግዛት እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ወርዶ ነበር ይላል። ይህም ታሪክ አያውቀውም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም፤ ያለችው ስሟ ብቻ ናት።

መጽሐፉ የሚከብድበት ቦታም አለ። ዴቪድ ወደ መጨረሻው ገደማ የነጭና የጥቁር ልዩነት ኃላፊነት የመሸከም ችሎታ ነው፣ ስለዚህ እኛ እንገዛለን ይላል። ጥቁሮቹ ለዕለት ሆዳቸው የሚኖሩ ናቸው ይላል። ይህን «ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ አይሆንልኝም። የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ያለ ምንም መሸፋፈን የተጻፈበት ገጽ ነው። «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች»ም መጀመሪያው ላይ አይሁዳውያንን በሴራ የሚወነጅል ንግግር አለው። እርግጥ ኋላ ላይ ሌላ ገጸ ባሕርይ የተናጋሪውን ጥላቻ ነቅሶ ያነሣበታል።

ይሁን እንጂ ቡካን ላፑታን ሲጽፍ ብዕሩ ከአመለካከቱ ቀደመ። በዋሻው ውስጥ ላፑታ ሲጸልይና ሲናገር ዴቪድ ተደብቆ ያዳምጣል። ጠላቱን እየሰማ ሳለ ልቡ ይከዳዋል፣ እንዲህ ያለ መሪ በኖረኝ ብሎ ይመኛል። የመጽሐፉ ምርጥ ንግግር የተሰጠው ለላፑታ ነው። ሊሞት ሲልም ዕንቁውን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም፤ ሐብሉን እንዳጠለቀ ከዋሻው ገደል ወደሚያስገመግመው ውኃ ይገባል። በመጨረሻው ምዕራፍ ለጥቁሮቹ ትልቅ ኮሌጅ ይሠራል። በሩ ላይ ሐውልት አለ። ከሥሩ የተጻፈው «ፕሬስተር ጆን» ነው፤ የሐውልቱ ፊት ግን የላፑታ ነው። አሸናፊዎቹ ለተሸነፈው ሐውልት አቆሙለት። ቡካን ይህን ለምን እንደጻፈ ሳስብ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚታየኝ። የዚያ ስም ጉልበት እውነተኛ መሆኑን ያውቅ ነበር።

የቀረው ሕይወቱ፣ ከየት እንጀምር

ቡካን በልቦለድ ብቻ አልኖረም። በ1917 የብሪታኒያ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሥራን የሚመራው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። በ1927 ፓርላማ ገባ። በ1935 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ በ1940 እዚያው ሞተ። ከመሞቱ በፊት የጨረሰው «ሲክ ሃርት ሪቨር» ከሁሉም ይለያል። ያ የ«ፓወር ሐውስ» ጠበቃ፣ ኤድዋርድ ላይተን፣ አሁን በሳንባ ነቀርሳ ሊሞት ነው። ወደ ካናዳ በረዶማ ሰሜን ሄዶ የቀረችውን ጉልበት ተስፋ ለቆረጡ የአገሬው ተወላጆች ያውላል። እነሱን ከሞት አተርፋለሁ ሲል የራሱን ዕድሜ ያሳጥራል። «ፕሬስተር ጆን»ን ከጻፈ ከ30 ዓመት በኋላ የጻፈው ነው። ሁለቱን ያነበበ ሰው ጸሐፊው ምን ያህል መንገድ እንደሄደ ያያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው በ«ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ይጀምር። ቀጥሎ «ግሪንማንትል»። ሳቅ ያለበት ቀለል ያለ ነገር ለሚፈልግ በ1925 የወጣው «ጆን ማክናብ» አለ። ሥራ የሰለቻቸው ሦስት ታላላቅ ሰዎች ለባለርስቶች አስቀድመው ደብዳቤ ጽፈው አጋዘንና ሳልመን ሊሰርቁ የሚወራረዱበት ታሪክ ነው። ጸሐፊው ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነው የመጻሕፍቱ የቅጂ መብት በእንግሊዝ አብቅቷል፤ ብዙዎቹም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። «ፕሬስተር ጆን»ን የምታነቡ ግን የአልቫሬዝን የጉዞ መጽሐፍ አጠገባችሁ አድርጉ። ቡካን በአፈ ታሪክ የሞላውን ቦታ አልቫሬዝ ባየው ነገር ሞልቶታል፦ የንጉሡን ድንኳን፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት፣ የካህናቱን ዝማሬ።